«ድምፃዊው ‹ተጠቀምበት› ብሎኛል፤ አይበቃም?»

ጥያቄው ከድሬዳዋ የመጣ ነው። ጠያቂው ከዚራ አካባቢ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለው። ስለ አሮጌው ባቡር ጣቢያና ስለ ሠራተኞቹ የ22 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ጨርሷል። እንዲህ ይላል፦

«የፊልሙ መግቢያ ላይ በ1976 ዓ.ም. በካሴት የወጣ ዘፈን አስገብቻለሁ። ድምፃዊውን በሰው በሰው አግኝቼ ደወልኩለት። ‹ችግር የለም አቦ፣ ተጠቀምበት› አለኝ። የተጠቀምኩት 28 ሴኮንድ ብቻ ነው። ዘፈኑም ከወጣ አርባ ዓመት አልፎታል። ስሙንም መጨረሻ ላይ ጽፌያለሁ። አሁን ስፖንሰር ሊያደርገኝ ያሰበ ቡና ላኪ ድርጅት ‹የሙዚቃው ፈቃድ የታለ?› አለኝ። ዩቲዩብ ላይም ልጭነው ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ ነው? ካልሆነስ የሐረር የሠርግ ዘፈን ብተካበት ይሻላል?»

ስፖንሰርህ ልክ ነው። እስካሁን በእጅህ ፈቃድ የለም። ድምፃዊው በቅን ልቦና ነው የመለሰልህ። ግን ሊሰጥህ የሚችለው ቢበዛ የራሱን ድርሻ ነው። እሱንም በስልክ ነው የሰጠህ።

አንድ ዘፈን በሕግ ፊት የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። መጀመሪያ ግጥሙና ዜማው አለ፤ ይህ የደራሲዎቹ ነው። ቀጥሎ ያ ግጥምና ዜማ ስቱዲዮ ገብቶ የተቀረጸው ድምፅ አለ። ቀረጻው ላይ ደግሞ የዘፈነው ድምፃዊ፣ መሣሪያ የተጫወቱት ሙዚቀኞች፣ ገንዘቡን አውጥቶ ያስቀረጸው ፕሮዲውሰር ወይም ሙዚቃ ቤት መብት አላቸው። የመጀመሪያው የቅጂ መብት ይባላል፣ ሁለተኛው ተዛማጅ መብት። የአዋጁ ስም ራሱ ሁለቱንም ይዟል፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል።

እስቲ የካሴቱን ሽፋን አውጣና እየው። ፊት ለፊት የድምፃዊው ፎቶ አለ። ወረቀቱን ዘርጋው። ውስጡ ላይ በደቃቅ ፊደል ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ» ተብሎ ተጽፎ ታገኛለህ። ከታች ያቀናበረው ሰው ወይም ባንዱ ይጠቀሳል። ከሁሉም በታች የሙዚቃ ቤቱ ስምና ማንም የማያነበው ማስጠንቀቂያ አለ። አሥር ዘፈን ባለው አንድ ካሴት ላይ አምስት የግጥም ደራሲ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «የካሴቱ ባለቤት ማነው?» ብለህ አትጠይቅ። የዚያ አንድ ዘፈን ግጥም የማን ነው? ዜማውስ? ቅንብሩስ? ቀረጻውስ? አራት ጥያቄ ነው። ከአምስት ወንድማማቾች የጋራ ቤት አንዱ «ግባ» ስላለህ ቤቱን ተከራየሁ አትልም።

ድምፃዊው ራሱ ግጥሙንም ዜማውንም ደርሶ ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀላል። በእኛ አገር ግን ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ዘፈኖች ከሌላ ደራሲ የተገዙ ናቸው። ይህን ድምፃዊውን ራሱን ጠይቀው። አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው የት እንዳለ የሚያውቀውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ሰበቦችህ ልምጣ። «28 ሴኮንድ ብቻ» የሚለውን ከየት እንዳመጣኸው አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ይለዋል። አንዱ 30 ሴኮንድ ይላል፣ ሌላው 15 ይላል፣ ስምንት የሚልም ሰምቻለሁ። በሕጋችን ውስጥ እንዲህ ያለ የሴኮንድ ነፃነት የለም። አዋጁ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ለምሳሌ ስለ አንድ ዘፈን እየተነተንክ ለማስረጃ አጠር አድርገህ ብታሰማ፣ ምንጩን ብትናገር። ያንተ መግቢያ ግን ስለ ዘፈኑ ምንም አይልም። ሐዲዱን እያሳየህ ስሜት ለመፍጠር ነው ያስገባኸው። ይህ ጥቅስ አይባልም፣ አጠቃቀም ነው።

ስም መጻፍህ ጥሩ ነው። ግን ስም መጻፍ ግዴታህ እንጂ ክፍያህ አይደለም። ደራሲ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብቱ የሞራል መብት ይባላል። ፈቃድ የመስጠትና ገንዘብ የማግኘት መብቱ ሌላ ነው፣ የኢኮኖሚ መብት ይባላል። አንዱን ስላሟላህ ሌላው አይቀርልህም። ደግሞም አንተ የጻፍከው የድምፃዊውን ስም ብቻ ነው። የዜማ ደራሲው ፊልሙን ቢያይ የሚከፋው በዚህ ነው።

«አርባ ዓመት አልፎታል» የምትለው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ስህተት ነው። የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሁለት ሰዎች በጋራ ደርሰውት ከሆነ የሚቆጠረው ኋላ ከሞተው ነው። የድሬን ልጅ አሊ ቢራን ውሰድ። ያረፈው በ2015 ዓ.ም. ነው። እሱ ራሱ በደረሳቸው ሥራዎች ላይ ያለው መብት እስከ 2065 አካባቢ በወራሾቹ እጅ ይቆያል ማለት ነው። የቀረጻው መብት የሚቆጠረው በሌላ መንገድ ነው። ከወጣበት ጀምሮ 50 ዓመት ነው። ያንተ ካሴት በ1976 ከወጣ ገና 2026 ዓ.ም. ድረስ አለ። የዱሮ ሸክላ ቢሆን ኖሮ የቀረጻው ጊዜ አልቆ ሊሆን ይችል ነበር፤ ያኔም ግን ግጥሙና ዜማው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካለፈም 50 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይነካም። «ድምፃዊው ሞቷል፣ ማን ይከሰኛል» የሚሉም አሉ። ድምፃዊው ሞቶ ደራሲው በሕይወት ሊኖር ይችላል። ሁለቱም ቢያልፉ ልጆቻቸው አሉ።

የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ፈቃድ አይሰጥህም። ብዙ ሰው ከድሬ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ የሚለፋው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሥራዎችን ይመዘግባል፣ ማስረጃ ይሰጣል። የሰው ዘፈን ግን የእሱ አይደለም፣ ስለዚህ ሊፈቅድልህም አይችልም። ምዝገባ ራሱ ለመብቱ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ዘፈን ከተፈጠረና ከተቀረጸ ጀምሮ ጥበቃ አለው። «አልተመዘገበም፣ ስለዚህ ነፃ ነው» የሚለው አያስኬድም። ከ2007ቱ ማሻሻያ በኋላ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትም በሕግ ቦታ አግኝተዋል። እነሱ በዋናነት የሚመለከቷቸው ሬዲዮን፣ ቴሌቪዥንን፣ ሆቴልንና ሌላውን ሙዚቃ ለሕዝብ የሚያሰማ ነጋዴ ነው። ዘፈንን ከፊልም ጋር ማጣመር ከባለመብቶቹ ጋር በቀጥታ የምትነጋገርበት ጉዳይ ነው። ማኅበሩ ደራሲውን ለማፈላለግ ሊረዳህ ይችላል፤ ያንን ተጠቀምበት።

የስልኩ ነገር። የኢኮኖሚ መብትን ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን አለበት። በጽሑፍ ይሁን የተባለ ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1727 መሠረት ተዋዋዮቹ ይፈርሙበታል፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበታል። የምስክሮቹን ነገር ሰው ይረሳዋል። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ካለህ አታጥፋው፤ ቅን ልቦናህን ያሳያል። ውል ግን አይሆንም። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ብታጸድቁት ደግሞ ነገ «አልፈረምኩም» የሚል አይመጣብህም።

ውሉ ውስጥ ምን ይጻፍ? «ዘፈኔን በፊልሙ እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ መስመር ወረቀት ብዙ አይቻለሁ። አያግዝም። ለየትኛው ፊልም? ስንት ሴኮንድ? ለስንት ዓመት? ዩቲዩብ ብቻ ነው ወይስ ቴሌቪዥንም? ስፖንሰሩ ከፊልሙ ቆርጦ በራሱ ገጽ ማስታወቂያ ቢያደርገውስ? ይኼ የመጨረሻው ላንተ ወሳኝ ነው። ቡና ላኪው ነገ የመጀመሪያዎቹን 30 ሴኮንዶች ወስዶ የውጭ ገዢ የሚስብበት ማስታወቂያ ሊያደርጋቸው ይችላል። ባለመብቱ የፈቀደው ለዘጋቢ ፊልም ከሆነ ማስታወቂያው አዲስ ጥሰት ነው፣ ስልኩም የሚደወለው ላንተ ነው። ስለዚህ በግልጽ እንዲህ ዓይነት ነገር ጻፍ፦ «በዚህ ርዕስ በሚታወቀው ፊልም መግቢያ ላይ እስከ 30 ሴኮንድ፣ ለአሥር ዓመት፣ በዩቲዩብ፣ በቴሌቪዥንና በፊልም ፌስቲቫል፤ ለንግድ ማስታወቂያ ግን አይሆንም።» ዋጋውም በዚህ ይወሰናል። ቁርጥ ያለ የዋጋ ተመን የለም። ለአንድ ዓመትና ለዩቲዩብ ብቻ የሚጠየቀው ለዘላለምና ለዓለም ሁሉ ከሚጠየቀው ጋር አንድ ሊሆን አይገባም።

የሙዚቃ ቤቱን ጉዳይ በጥንቃቄ ያዘው። በካሴት ዘመን ብዙ ሥራ በቁርጥ ነው የተሸጠው። ድምፃዊው «ሸጬዋለሁ» ይልሃል፣ ሙዚቃ ቤቱ «ገዝቼዋለሁ» ይልሃል። ምን እንደተሸጠ ግን ሁለቱም አያስታውሱም። ካሴት የማባዛት መብት ብቻ ነው? ወይስ ሁሉም? በ1976 ኢንተርኔት የሚባል ነገር በውል ውስጥ ሊጻፍ አይችልም ነበር። ወረቀቱን ካላሳዩህ ለማንም ብር አትክፈል። ወረቀቱ አሻሚ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ወገን አስፈርም። ከወራሾች ጋር ከሆነ የምትነጋገረው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ጠይቅ፤ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ ወይም ለአንዱ ውክልና ይስጡ። «እኔ ነኝ ትልቁ ልጅ» ማስረጃ አይደለም። ዘፈኑ የወጣው ከክቡር ዘበኛ ወይም ከፖሊስ ኦርኬስትራ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ተቀጥሮ የተሠራ ሥራ በመርህ ደረጃ የአሠሪው ነው፣ አሠሪው ተቋም ደግሞ እንደ ክቡር ዘበኛ ዛሬ የሌለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን እኔ ብሆን አልነካውም።

ዩቲዩብን በተመለከተ ሁለት ነገር አትቀላቅል። አንደኛው በራሱ መለያ ሥርዓት በኩል የሚመጣ የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ እነሱ ኮንቴንት አይዲ ይሉታል። ማሽኑ ድምፁን ይለይና ባለመብት ነኝ ባይ ቀድሞ ባስቀመጠው ምርጫ መሠረት ወይ የማስታወቂያው ገቢ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ወይ ቪዲዮው ይታገዳል፣ ወይ ዝም ተብሎ ተመልካቹ ይቆጠራል። ሁለተኛው ስትራይክ ነው። ባለመብቱ በሕግ አስወግዱልኝ ሲል የሚመጣ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ካገኘህ ቻናልህ ይዘጋል። የመጀመሪያው ዓይነት ሲመጣ ብዙ ልጆች ተናደው ያለ ምንም ወረቀት «እከራከራለሁ» የሚለውን ይጫናሉ። ባለመብት ነኝ ባዩ ክርክሩን ካልተቀበለ ወደ ስትራይክ ሊቀየር የሚችልበት መንገድ እሱ ነው። ደግሞ ልብ በል፤ ሕጋዊ ፈቃድ ይዘህም ጥያቄው ሊመጣብህ ይችላል። ማሽኑ ውልህን አላነበበም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ባለመብቱ የዚህን ቻናል ቪዲዮ ከባለቤትነት ጥያቄ ነፃ ያደርጋል» የሚል አንቀጽ አስገባ።

ቴሌግራም ላይ ማሽኑ የለም ብለህ እዚያ አትሂድ። ማሽን ባይኖርም ሕጉ ያው ነው። ሆን ብሎ መጣስ በወንጀልም ያስጠይቃል። የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ነበር የደነገገው። ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ ምን አማራጭ አለህ? ዘፈኑን በሌላ ድምፃዊ አስዘፍነህ እንደገና ብታስቀርጸው ከሙዚቃ ቤቱና ከመጀመሪያው ድምፃዊ ትገላገላለህ። የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን ፈቃድ ግን አሁንም ትፈልጋለህ። ግጥሙን ትተህ ኡድ በሚባለው ባለ ክር መሣሪያ ዜማውን ብቻ ብታስመታ የዜማ ደራሲው ብቻ ይቀርሃል። ሰው የማይገምተው ይኼን ነው፤ ብዙ ጊዜም ርካሹ መንገድ እሱ ነው።

ነፃ ሙዚቃም አለ። የዩቲዩብ የራሱ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት አስተማማኝ ነው፤ አንዳንዶቹ ስም መጥቀስ ይጠይቃሉ። በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ባለመብቱ በቅድመ ሁኔታ ለሁሉም በሚሰጠው ፈቃድ፣ የተለቀቀ ሙዚቃ ግን ዓይነቱን ለይ። «ለንግድ አይሆንም» የሚለው ስፖንሰር ላለው ፊልም ያሰጋል። «መለወጥ አይቻልም» የሚለውም አይሆንህም፤ በእነዚያ ፈቃዶች ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ማጣመር እንደ መለወጥ ይቆጠራልና። «በተመሳሳይ ፈቃድ ይጋራ» የሚለው ደግሞ ፊልምህን ራሱን ለሁሉም ክፍት ያደርግብሃል። የሆነ ቻናል ላይ «ኮፒራይት የሌለው» ተብሎ የተጫነን ነገር አትመን። የጫነው ሰው ባለቤቱ ስለመሆኑ ምን ታውቃለህ? እውነቱን ለመናገር ግን ከእነዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የድሬን ባቡር የሚመስል ነገር አታገኝም። ሁሉም የሆቴል ሊፍት ነው የሚሸቱት።

የሐረር የሠርግ ዘፈን ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ በሁለት ቅድመ ሁኔታ። ደራሲው የማይታወቅ፣ ከትውልድ ትውልድ የመጣ ዜማ እንደ አንድ ሰው ሥራ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ግን ከካሴት ወይም ከዩቲዩብ የወሰድከው ቀረጻ የቀረጸው ሰው ንብረት ነው። ያቀናበረው ካለ ቅንብሩም የራሱ ነው። ስለዚህ ራስህ ቅረጽ። ጀጎል ግባ፣ የሚዘፍኑትን እናቶች አግኝ፣ ለምን እንደምትቀርጽ ንገራቸው፣ አስፈርም፣ ክፈል። ዜማው የሁሉ ቢሆንም ድምፁ የእነሱ ነው፤ አዋጁ ለድምፃዊ የሚሰጠው መብት ለእነሱም አለ። ሁለተኛው ጥንቃቄ ይዘቱን ይመለከታል። የሃይማኖት የሆነውን ዚክሪ ከሠርግ ዘፈን ለይ። ከቡና ስፖንሰር አርማ ሥር ዚክሪ ብታስገባ ሕግ ባይከስህም የሐረር ሰው ይቀየምሃል። የሐረሪዎች ዓመታዊ በዓል ሹዋሊድ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን አንስተው «አሁን ክልክል ሆኗል» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ የዩኔስኮ ምዝገባ የቅጂ መብት አይፈጥርም።

የእኔን ምክር ከፈለግህ ካሴቱን ተወው። ዘፈኑ የታሪኩ አካል ቢሆን፣ ለምሳሌ ጡረተኛው ባቡር ነጂ በፊልሙ ውስጥ ስለዚያ ዘፈን ቢያወራ፣ አራቱንም ሰው ፈልግ እልህ ነበር። ለመግቢያ ስሜት ብቻ ለሆነ 28 ሴኮንድ ግን ወራሽ ፍለጋ ወራት አታጥፋ። እዚያው ድሬ ኡድ ወይም ክራር የሚጫወት ሙዚቀኛ ፈልግና የአንድ ደቂቃ አዲስ ሥራ አሠራ። ፊልሙን አሳየው፤ የሐዲዱን ድምፅ፣ የፉጨቱን፣ የጣቢያውን ሰዓት ስጠው። ያንን ካሴት ግን «እንደዚህ አድርገው» ብለህ አታሰማው። አምስት ኖታ ቀይሮ ያንኑ ዜማ ከሰጠህ ወደ ጀመርክበት ችግር ተመለስክ።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፣ በሁለት ምስክር። ሥራው የራሱ ፈጠራ መሆኑን ያረጋግጥ፤ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው እሱ ይሁን። አብረውት የሚጫወቱ ካሉ እነሱም ይፈርሙ። ሙሉ መብቱን ለመግዛት አትሞክር፣ አያስፈልግህም፣ ዋጋውንም ያስወድደዋል። ለፊልሙና ለፊልሙ ማስተዋወቂያ የሚሆን፣ ጊዜ ያልተገደበለት ፈቃድ ይስጥህ። እሱ ሙዚቃውን በኋላ አሳድጎ በራሱ ስም ዘፈን አድርጎ ይልቀቀው። ለዚህ ሲባል ዋጋውን የሚቀንስ ብዙ ሙዚቀኛ አለ። ሲለቅ ግን በአከፋፋይ በኩል ኮንቴንት አይዲ ውስጥ ስለሚገባ ቻናልህን ነፃ እንዲያደርግ ያቺን አንቀጽ እዚህም አስገባት። ግማሹን ሲጀምር ክፈል፣ ግማሹን ፋይሉን ሲያስረክብ። ስፖንሰሩ ሙዚቃውን ለራሱ ማስታወቂያ ከፈለገ ከሙዚቀኛው ጋር ለብቻው ይዋዋል፤ ይህንን ለስፖንሰሩ ዛሬውኑ በጽሑፍ ንገረው።

ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ከምረቃው ቀን ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብለህ ለሕዝብ ሳትከፍት ጫነው። ከመለቀቁ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ሙዚቃው ላይ ጥያቄ ካለ እዚያው ያሳይሃል። የስፖንሰሩ እንግዶች አዳራሽ ተቀምጠው እያዩ ከሚታገድብህ ያኔ ብታውቀው ይሻላል።